ከአልበሙ አይጥፉ፦ ሰውነትዎን ሳይደብቁ ፎቶ የመነሳት መመሪያ

ጥቁር የለበሰ ጎልማሳ ወደ ፎቶ ቤታችን ገብቶ ከደረት ኪሱ የቀበሌ መታወቂያ አወጣ። የእናቱ ነው። «ከዚህ ላይ አሳድጉልኝ፤ ለለቅሶው ነው» አለ። ጉርድ ፎቶዋ ከቴምብር ብዙም አትበልጥም። የቀበሌው ሐምራዊ ክብ ማህተም የእናትየውን ትከሻ አቋርጦ አገጫቸው ሥር ደርሷል። «ሌላ ፎቶ የላቸውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ካሜራ ስታይ ትሸሽ ነበር» አለኝ፤ «‹ወፍሬያለሁ፣ ጥርሴም አልቋል፤ እኔን ተዉኝና ልጆቹን አንሱ› ትል ነበር።» ያን ቀን ከእኚያ እናት ትከሻ ላይ ማህተም ስጠርግ አመሸሁ።

ከካሜራ መሸሽ ምን ያህል እንደሚያጎድል ይበልጥ የገባኝ ሰፈራችን ሲፈርስ ነው። ካዛንቺስ፣ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስሙን የወረሰው ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማቱ ትልቁ ክፍሉ ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄደ። ዕቃ ሲሸከፍ አልበም መገለጡ አይቀርም። ደጃፉ አለ፣ የጋራው ግቢ አለ፣ የሠርጉ ድንኳን አለ። ድንኳኑ ውስጥ ወጥ ስታወጣ ያደረችው ሴት ግን ካሜራ ስለሸሸች የለችም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሚሸሹት ነው። ተከትለውት ሲጨርሱ፣ አሁን ባለው ሰውነትዎ፣ ሳይሸፍኑና ሳያፍሩ የተነሱት አንድ ጥሩ ፎቶ ይኖርዎታል። የሚያስፈልግዎ ስልክ፣ የሚያምኑት አንድ ሰው፣ የተከፈተ በር፣ ነጭ ነጠላና እሱን የሚይዝልዎት ሌላ ሰው፣ እንዲሁም ለመነሳቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነው።

ደረጃ 1፦ የጠሉትን ነገር በስሙ ይጻፉ

የማይወዷቸውን አምስት ፎቶዎችዎን ያውጡ። በእያንዳንዱ ላይ ዓይንዎ መጀመሪያ ያረፈበትን በወረቀት ይጻፉ፦ አፍንጫ፣ ቦርጭ፣ ድርብ አገጭ፣ ማዲያት፣ ጠባሳ፣ ራሰ በራ። ከጎኑ ደግሞ ያን ነገር መጀመሪያ የነገረዎት ማን እንደሆነ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ የሰው ስም ይወጣል፦ አክስት፣ የክፍል ጓደኛ፣ የቀድሞ ፍቅረኛ።

እኛ ዘንድ ሰላምታ ራሱ ሰውነት ላይ ያርፋል። «ወፈርሽ»፣ «ምነው ከሳህ»፣ «ጠቆርሽሳ» እንባባላለን። ለእናቶቻችን «ወፈርክ» ማለት «ተመችቶሃል፣ ተመስገን» ማለት ነበር። ያው ቃል ዛሬ ለሃያ ዓመት ልጅ ሲነገራት ምሳዋን ትታ እንድትነሳ ያደርጋታል። ተናጋሪው ክፋት ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ድምፁ የማን እንደሆነ ሲያውቁ የራስዎ ዓይን ምን እንደሚል መስማት ይጀምራሉ።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብለው የሚያጽናኑዎትም ይኖራሉ። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በገዛ ፊቱ የሚያፍርን ሰው፣ መልክ ጥቅም የለውም ብሎ ማሳረፍ አይቻልም። እሱ የሚያርፈው ፊቱን ደፍሮ ማየት ሲችል ነው።

አሁን የጻፉትን በሁለት ይክፈሉት፦ ካሜራው የፈጠረውና በእርግጥ የእርስዎ የሆነው። ለመክፈል የሚረዳዎትን አንድ ነገር ልንገርዎ። በየቀኑ የሚያውቁት ፊትዎ የመስታወቱ ፊት ነው፤ ግራና ቀኙ ተገላብጧል። ፎቶው ላይ ያለው ደግሞ ሌላው ሰው የሚያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለሴቶች የገዛ ፎቶዋቸውን በሁለት መልክ፣ እንደ መስታወት ተገልብጦና ሳይገለበጥ፣ አሳያቸው። አብዛኞቹ የተገለበጠውን መረጡ፤ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን ወደዱ። ሁለቱም የመረጡት የለመዱትን ነው። «ፎቶ ላይ እኔን አልመስልም» የሚለው ስሜትዎ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ወዳጅዎ የሚወደው ፊት ለእርስዎ እንግዳ የሆነው ነው።

ደረጃ 2፦ የሚያነሳዎትን ሰው ይምረጡና ውል ያስሩ

ካሜራ የመያዝ ችሎታ ሁለተኛ ነው። ከእሱ ወይም ከእሷ ጋር ሲሆኑ ሆድዎን መሳብ የማያስታውሱትን ሰው ይምረጡ። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦

- ፎቶዎቹ በእርስዎ ስልክ ይነሳሉ፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ የትም አይለጠፉም፣ ለማንም አይላኩም።
- እየተነሱ ስለ ሰውነትዎ አስተያየት አይሰጥም። «ቀና በል» ይባላል፤ «ሆድህን ደብቅ» አይባልም።
- «በቃኝ» ካሉ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ፎቶ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት እንዲህ ይበሉ፦ «ቆዳዬን አታቅሉት፣ ፊቴን አታቅጥኑት፣ ጠባሳዬን አታጥፉት።» በእኛ ሙያ ደንበኛው ካልተናገረ ማቅላትና ማለስለስ እንደ መስተንግዶ ይቆጠራል። ብዙዎቻችን ይህን የምናደርገው ደስ እናሰኛለን ብለን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃናል።

ደረጃ 3፦ ብርሃኑን በር ላይ ያግኙት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ አናት ትጠጋለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውጭ የተነሳ ፎቶ ዓይንን ያጎደጉዳል፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ብዙ ሰው «አርጅቻለሁ፣ ደክሞኛል» የሚለው ይህን ጥላ አይቶ ነው። ውጭ ከሆኑ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይምረጡ። ክረምት ላይ ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ዝናቡ ባቆመበት ሰዓት ሁሉ መነሳት ይቻላል።

ካዛንቺስ ውስጥ ውጭ መነሳት ካሰቡ አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ምቹ ናቸው። ካሜራውን ግን ወደ ቤተ መንግሥቱና ጥበቃ ወዳላቸው ተቋማት አያዙሩ። ከጥበቃ ጋር ከተከራከሩ በኋላ የሚነሱት ፎቶ ፊትዎ ላይ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የቤትዎ በር ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን በር ይክፈቱ፣ አምፖሉን ያጥፉ፣ ከደፉ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ። ፊትዎን ወደ በሩ ገደድ አድርገው ያዙሩ። ብርሃኑ አንዱን ጉንጭ ያበራል፣ ሌላውን በስሱ ያጨልመዋል። በጨለመው በኩል ሌላው ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ በአንድ ክንድ ርቀት ይያዝልዎት። ነጠላው ብርሃኑን መልሶ ፊትዎ ላይ ሲጥለው ራስዎ ያዩታል።

ከፎቶ ቤታችን ጎን ጀበና ቡና የሚያፈሉ እትዬ ነበሩ። ለመልቀቅ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ልጆቻቸው ለምነዋቸው እኛ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ግራ ክንዳቸው ላይ በልጅነታቸው የፈላ ውኃ ያቃጠላቸው ጠባሳ አለ፤ ከክርን እስከ አንጓ ይወርዳል። ባወቅኋቸው ዓመታት ሁሉ፣ ስኒ ሲያቀርቡ እንኳ፣ ነጠላቸው ከዚያ ክንድ ላይ ወርዶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ለብርሃኑ ነጭ ነገር አስፈለገኝ፤ አጠገባችን ያለው ነጭ ነገር የእሳቸው ነጠላ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ከመደርደሪያው ወረቀት ላምጣ ወይስ ነጠላውን ይሰጡኛል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከዚያ ነጠላውን ከክንዳቸው ላይ ገፈፉና ለልጃቸው አቀበሉ። «ያዢው» አሉ።

ደረጃ 4፦ ስልኩ ቆዳዎን በትክክል እንዲያይ ያድርጉ

ፎቶ ላይ «ጠቁሬ ጠፋሁ» ያሉበት ቀን ካለ ጥፋቱ የቆዳዎ አልነበረም። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀለም ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለማቸውን ያስተካክሉ የነበረው ኮዳክ በሚልክላቸው «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሳክቷል ይባል ነበር። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ያሳያል ያለውን «ሪል ቶን» በፒክስል 6 ስልኩ ያወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ጠይምም ሆኑ ጥቁር፣ መሣሪያው ወደ እርስዎ ዘግይቶ ነው የመጣው።

እንዲህ ያለ ስልክ እስኪያገኙ ግን አይጠብቁ፤ የሚከተሉትን ያድርጉ፦

- መስኮትን ወይም ነጭ ግድግዳን ከኋላ አያድርጉ። ስልኩ ነጩን ለማስተካከል ሲል ፊትዎን ያጨልማል። ቡናማ በር፣ የተቀባ ቆርቆሮ፣ አረንጓዴ አጥር ይሻላሉ።
- የሚያነሳዎት ሰው ስክሪኑ ላይ ፊትዎን ነካ ያድርግ፤ የፀሐይ ምልክት ስትመጣ በትንሹ ወደ ላይ ይግፋት።
- ፍላሽ አይጠቀሙ።
- ፓውደር ከማብዛት ይልቅ ፊትዎንና ክንድዎን በስሱ ቅባት ይቀቡ። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው ብርሃን በሚያርፍበት ወዝ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ካሜራውን ያርቁት

ከዝርዝርዎ ውስጥ «አፍንጫ» ካለ እዚህ ደረጃ ላይ ይቆዩ። እጅዎን ዘርግተው ሰልፊ ሲነሱ ሌንሱ ከፊትዎ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይርቃል። ለሌንስ የቀረበ ነገር ይገዝፋል፤ ከፊት ሁሉ ወደ ሌንሱ የሚቀርበው ደግሞ አፍንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ አፍንጫ 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ፣ በ1 ሜትር ተኩል ላይ ግን ይህ መዛባት ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አስልቷል። ከአጥኚዎቹ አንዱ የፊት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ሥራውን የጀመረው በሰልፊያቸው ተማርረው አፍንጫቸውን ለማስቀነስ የሚመጡ ሰዎችን ስላየ ነው።

ስለዚህ የሚያነሳዎት ሰው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ማለት ነው። ከዚያ በስልኩ ምስሉን ሁለት እጥፍ ያጉላው። ለፊት ፎቶ ሌንሱ በዓይንዎ ትክክል፣ ለሙሉ ቁመና በደረትዎ ትክክል ይሁን። ከሥር የተነሳ ሰው አገጩ ይገዝፋል፤ ከላይ የተነሳ ደግሞ አካሉ ያንሳል። ይህን ብቻ አስተካክለው አንድ ፎቶ ይነሱና በደረጃ 1 ካወጧቸው አምስቱ ጋር ያስተያዩት። ከዝርዝሩ የሚሰረዝ ነገር ያገኛሉ።

ደረጃ 6፦ ዛሬ የሚሆንዎትን ልብስ ይልበሱ

ቁም ሳጥን ውስጥ «ስቀንስ እለብሰዋለሁ» የተባለ ልብስ ይኖራል። ለዚህ ቀን አያውጡት። የሚያጣብቅ ልብስ የለበሰ ሰው በየደቂቃው ይጎትተዋል፤ ከመጠን በላይ የሰፋ ልብስም መደበቂያ ነው፣ ራስዎም ያውቁታል። ሲቀመጡም ሲቆሙም የማያስታውሱትን ልብስ ይምረጡ፣ ይተኩሱት። የሀገር ባህል ልብስ ከሆነ ጥልፉ ወደ ብርሃኑ ይዙር።

መቀመጫው የኋላ መደገፊያ የሌለው በርጩማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጀርባን ሳያስገድድ ያቃናል። እግርዎን መሬት ላይ ይትከሉ፣ ትከሻዎን ይልቀቁ፣ ትንፋሽዎን እስከ ሆድዎ ያስገቡ። ሆድዎ ወጣ ካለ ይውጣ። አርመናዊው ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን፣ ልጆቹም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ሲያነሱ ፎቶ የክብር ሥራ ነበር። የሚነሳው ሰው ቦታ ይዞ፣ ልብሱን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። በፎቶ ላይ የሚገባዎትን ያህል ቦታ ይያዙ።

ደረጃ 7፦ ለእጅዎ ሥራ፣ ለዓይንዎ ማረፊያ ይስጡ

የሚያፍር ሰው እጁ ያጋልጠዋል፤ አፍ ላይ፣ ሆድ ላይ፣ አገጭ ሥር ይሄዳል። እጅዎ የሚያውቀውን ነገር ያስይዙት፦ ልብስ ሰፊ ከሆኑ ሜትር፣ አናጢ ከሆኑ መላጊያ፣ ቡና ካፈሉ ጀበና፣ ካነበቡ መጽሐፍ። እ.ኤ.አ. በ1948 በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ስቱዲዮ የከፈተው ሰይዱ ኬይታ ለደንበኞቹ ሬዲዮ፣ የእጅ ሰዓትና ልብስ ያቀርብ ነበር፤ ዛሬ እነዚያ ፎቶዎች በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። እርስዎ ዕቃ መዋስ አያስፈልግዎትም፤ የራስዎ ሙያ አለ።

ፈገግታም ግዴታ አይደለም። በወላጆቻችን ፎቶዎች ውስጥ ብዙዎቹ ኮስተር ብለው ነው የሚያዩን፤ ያም ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ ከምታነሳቸው ሴቶች ብዙዎቹ ፊታቸው በደማቅ ቀለም ተቀብቶ ሌንሱን ፊት ለፊት ያያሉ፤ ማንንም ደስ ማሰኘት አይጠበቅባቸውም። ሥራዎቿን ፈልገው ይመልከቱና ዓይናቸው የት እንዳረፈ ያጥኑ። ከዚያ እርስዎም ሦስት ዓይነት ይሞክሩ፦ ሌንሱን በቀጥታ፣ በበሩ ወደ ውጭ፣ የያዙት ዕቃ ላይ።

የሚያነሳው ሰው ዝም አይበል። ስለሚወዱት ነገር ይጠይቅዎት፦ ወጥ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ሰፈሩ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር። እያወሩ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይንካ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፎቶዎች ድንጋጤዎን ይወስዳሉ፤ ጥሩው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 8፦ ወዲያው አይዩት

ስልኩን ነጥቀው አያገላብጡ፣ አያጥፉም። ሁለት ቀን ያሳልፉ። ሲመለከቱ ደግሞ ብቻዎን አይሁኑ፤ ከሚወድዎ ሰው ጋር ይቀመጡ። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ስለ ሰውነትዎ አንድም ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት በፎቶው ላይ የሚያዩትን ሦስት ነገር ይናገሩ። «ዓይኔ እየሳቀ ነው።» «ሹሩባዬ አምሯል።» «አያቴን መሰልኩ።» ከዚያ ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ ሁለት ሁለት ፎቶ ምረጡ። ወዳጅዎ የመረጠውን በጥሞና ይዩት። ያ የመስታወቱ ያልሆነው ፊትዎ ነው።

እትዬ ፎቶውን ሳሳያቸው ዓይናቸው በቀጥታ ክንዳቸው ላይ ወረደ፤ እዚያው ቆየ። ክንዳቸው ጀበናውን ይዞ፣ ጠባሳው ላይ የበሩ ብርሃን አርፎበታል። እኔም ልጃቸውም ምንም አላልንም። ቀስ ብለው ወደ ፊታቸው ወጡ። «እናቴን አይደል እንዴ የምመስለው» አሉ። ስለ ክንዱ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ አላነሱም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፎቶ ሕክምና አይደለም። ምግብ እስከ መተው የሚያደርስ፣ ከቤት መውጣት የሚከለክል የሰውነት ጥላቻ ካለብዎ፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና፣ ከቃጠሎ፣ ከአደጋ በኋላ ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነ፣ አስቀድመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ካሜራው ይጠብቃል።

ደረጃ 9፦ ሲያርሙ በሁለት ሳምንት ይመዝኑ

ኤዲት ከማድረግዎ በፊት ስለ እያንዳንዱ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኖራል? ብጉር፣ የልብስ ክር፣ ሸሚዝ ላይ የነጠበ ወጥ አይኖሩም፤ ያጥፏቸው። ጠባሳ፣ ማዲያት፣ ለምጽ፣ ሽበት፣ የዓይን ሥር መስመር፣ የአንገት ንቅሳት ይኖራሉ፤ ይተዉአቸው። ብርሃን መጨመር፣ ፎቶውን ማቃናት፣ ዳር ዳሩን መቁረጥ ይፈቀዳል። ቆዳ የሚያቀላና አገጭ የሚያቀጥን ፊልተር ግን ሌላ ሰው ነው የሚሠራው፤ ያን ሰው ልጆችዎ አያውቁትም።

ደረጃ 10፦ ያሳትሙት፣ ጀርባውንም ይጻፉበት

ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሞላና ይጠረጋል። የመረጡትን ፎቶ ቢያንስ በ13 በ18 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ቅጂ ያሳትሙ። አንዱን ግድግዳ ላይ፣ በየቀኑ በሚያልፉበት በኩል ይስቀሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብድ ይሆናል፤ ዓይን ግን ያየውን ይለምዳል፣ መስታወቱንም ያስለመደዎት ይኸው ነው። ሌላውን ለሚወዱት ሰው ይስጡ።

ከመስጠትዎ በፊት ይገልብጡት። የድሮ ሰዎች ፎቶ ሲሰጣጡ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ብለው ይጽፉ ነበር። እርስዎም ይጻፉ፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ቦታው ዛሬ የሌለ ቤት ቢሆንም ይጻፉት።

እትዬ መጻፍ ስለማይችሉ የእሳቸውን ጀርባ ልጃቸው ጻፈችበት፦ «ለማስታወሻ። ካዛንቺስ፣ 2017 ዓ.ም.» የመኪናው ቀን ሲደርስ ስኒዎቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ደረደሩ፤ ጀበናውን በጨርቅ ከተቱ። ፎቶውን በነጠላቸው ሸፈኑና ከሁሉም በላይ አስቀመጡት። እጅጌያቸውን ሰብስበው ካርቶኑን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።